ጨው ማብዛት ጭንቀት ይጨምራል ሚባለው እውነት ነው? ጥያቄዬና የመጡት መልሶች

ጥያቄው፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ስለ ጨው ሳነብ አንድ ነገር አጋጠመኝና ልጠይቃችሁ ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ስኮትላንድ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦችን ጨው የበዛበት ምግብ እየሰጡ ሲከታተሉ የጭንቀት ሆርሞን ሚባለው ነገር አይጦቹ በሰላም ቁጭ ባሉበት ራሱ በ75 ፐርሰንት ገደማ ጨምሮ ተገኘ፣ ሚያስጨንቅ ሁኔታ ሲገጥማቸው ደግሞ የተለመደውን ምግብ ከበሉት አይጦች በእጥፍ ነው የጨመረው። ጨው ለደም ግፊት መጥፎ ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፣ ከጭንቀት ጋር ይገናኛል ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ይሄን ምጠይቀው ለወሬ አይደለም። እናቴ የግፊት መድኃኒት ላይ ናት፣ ቤታችን ደግሞ ጨው ያነሰው ወጥ የበሽተኛ ምግብ ነው ሚባለው፣ ወንድሜ ገና ሳይቀምስ ጨው ይጠይቃል። ከዛ እናቴ ሐሳብ ታበዛለች፣ እንቅልፍ እምቢ ይላታል፣ በትንሽ በትልቁ ልቧ ይመታል። እና ጨው ብንቀንስ ለግፊቷ ብቻ ሳይሆን ለመንፈሷም ይጠቅማል ወይ? ደግሞስ እንዴት ነው ሚቀነሰው፣ እኛ ምንበላውን እየበላን? ሞክሮ ያየ፣ ሙያው የሆነ ሰው ካለ እባካችሁ።

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ ስለበዛ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች በየቁጥሩ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ከታች አስቀምጫለሁ። የራሴንም አስተያየት ጣል ጣል እያደረግኩ ነው።

መልስ 1፦ ነርስ ነኝ ያለች እህት ነች ቀድማ የደረሰችልኝ። እናትሽን ሰላም በይልኝ ብላ ጀምራ የሆርሞኑ ነገር እስኪጣራ መጠበቅ እንደማያስፈልግ፣ የግፊቱ ጉዳይ ብቻውን ጨው ለመቀነስ በቂ ምክንያት እንደሆነ አስረዳችኝ። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይዞ ያስቀራል፣ በደም ሥር ውስጥ ሚዞረው ፈሳሽ ይጨምራል፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ሚያርፈው ጫና ይከብዳል፣ ልብና ኩላሊትም አብረው ይለፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ ያም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም፣ ዳቦው ውስጥ ያለውም ወጡ ውስጥ ያለውም ተደምሮ ማለት ነው። ጨው ቀነስኩ ተብሎ መድኃኒት እንዳይቆም ደግሞ ሁለት ጊዜ ደጋግማ አስጠንቅቃለች።

መልስ 2፦ የሱም አባት እንደዛው እንደሆኑ ጽፎ መልሱን ሊከታተል ቁጭ ብሏል።

መልስ 3፦ ላብራቶሪ ውስጥ ሚሠራ ሰው በትህትና ነው ያረመኝ። አይጥ አይጥ ነው፣ የአይጧ ሆርሞን ኮርቲኮስቴሮን ሲሆን የኛ ኮርቲሶል ነው፣ በሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ደግሞ ሁሉም አንድ ነገር አይናገሩም። ከዛ በላይ የገባኝ ሌላው ነጥቡ ነው፦ ጥናቱ የለካው ሆርሞን ነው እንጂ አይጦቹ ተጨነቁ አልተጨነቁም ሚለውን አይደለም፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጨው የጭንቀትና የቁጣ ጠባይ ያመጣ እንደሆነ ገና እያጠኑ እንደነበር ተናግረዋል። ስለዚህ እናቴ ጨው ቀነሰች ብዬ በሳምንቱ ሐሳቧ ይቀላል ብዬ ቃል እንዳልገባላት መከረኝ። ይሄን ምክር ሁላችሁም ያዙልኝ፣ ምክንያቱም በየቲክቶኩ ጨው አቁሙና ዲፕሬሽን ይለቃችኋል ሚሉ ሰዎች በዝተዋል፣ በሽተኛ ሰው ደግሞ ተስፋ አድርጎ ሳይሆንለት ሲቀር ጨው መቀነሱንም አብሮ ይተወዋል።

መልስ 4፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች፣ ነገሩ በግልባጩም ሊሆን ይችላል ትላለች። ፈተና ሲደርስ ጨው ያለበት ቆሎና ቺፕስ ከእጇ አይጠፋም፣ ፈተናው ሲያልቅ ያምሮቱም ይጠፋል፣ ስለዚህ ጨው ነው ሚያስጨንቀን ወይስ ስንጨነቅ ነው ጨው ምንፈልገው ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ 3ኛውም ተመልሶ መጥቶ ሁለቱም ሊሆን እንደሚችል ነው የነገራት።

መልስ 5፦ እዚህ ጋ ነው ድምፁ መለወጥ የጀመረው። አንድ ወንድም የኢትዮጵያን ሰው ያስጨነቀው የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ መሆኑን፣ ስለ ስኮትላንድ አይጥ ማውራት ቅንጦት መሆኑን በቁጣ ጻፈ። ብዙ ላይክ አግኝቷል። አልቀየምኩትም፣ እውነት አለው።

መልስ 6፦ ግን 5ን የመለሰችለትን ሴት አንብቡልኝ። ትንሽ ጉሊት ላይ ምትሠራ እናት ናት። ኑሮ ሲከብድ ከወጡ መጀመሪያ ሚጎድለው ቅቤው ነው፣ ቀጥሎ ዘይቱና ሽንኩርቱ፣ ምስሩም ይቀጥናል፣ ጨው ግን ርካሽ ስለሆነ አይጎድልም፣ እንዲያውም የጎደለውን ሁሉ እንዲሸፍን ይጨመራል። ስለዚህ የጨውና የኑሮ ውድነት ነገር ተነጣጥሎ ሚወራ አይደለም ነው ምትለው። እኔ እዚህ ውይይት ላይ ካነበብኩት ሁሉ ይሄ ውስጤ ገብቷል። ደሃው ሰው ጨው ሚያበዛው ስላላወቀ ብቻ አይደለም፣ ምግቡ ሌላ ጣዕም ስለሌለው ነው፣ ጤና ቢሮዎች ጨው ቀንሱ ብለው ፖስተር ሲለጥፉ ይሄን ቢያስቡበት እላለሁ።

7፣ 8 እና 9 አንድ ላይ ነው መነበብ ያለባቸው። 7ኛው አያቱ ቡና በጨው እየጠጡ፣ ቋንጣ እየበሉ ከ90 ዓመት በላይ መኖራቸውን ጠቅሶ የዘመኑ ሐኪም ሁሉን ነገር እየከለከለ ሰውን ገደለው ብሏል። 8ኛው ተነስቶ ክፉኛ መለሰለት። ያልኖሩት ሰዎች እዚህ መጥተው አይመሰክሩም፣ በዛ ዘመን ገጠር ውስጥ ግፊት ለክቶ ሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ጤነኛ ሰው ማሳ ላይ ድንገት ሲወድቅ ወይ ግማሽ አካሉ ሲደርቅ ምች መታው ወይ የሰው ዓይን በላው ይባል ነበር እንጂ ስትሮክ ሚለው ስም አልነበረም። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበር፣ ከዛ ግን የ7ኛውን ትምህርት ደረጃ እያነሳ መስደብ ጀመረ። 9ኛው መልስ የ7ኛው ነው፣ ተናዶ አያቴን አትንካ ሚል መልእክት ነው። እኔም ገብቼ ሁለቱን እንዲያበርዱት ለመንኩ፣ ደግሞ የ7ኛው አያት ቀኑን ሙሉ ሲያርሱና ሲሄዱ ሚውሉ ሰው ስለነበሩ ቢሮ ተቀምጦ ከሚውል ሰው ጋር እኩል ማየት እንደማይገባም አስታወስኩ።

መልስ 10፦ አንድ የጤና መኮንን ጭቅጭቁን በቁጥር ነው የዘጋው። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላው አገሪቱ በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ ከሽንት ናሙና ተገምቶ አንድ ኢትዮጵያዊ አዋቂ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ ተገኝቷል፣ ከ100 ሰው ወደ 96ቱ ከ5 ግራሙ በላይ ናቸው። ማለትም ጨው አናበዛም ምንለውም ጭምር። በዛው ዳሰሳ ከ100 አዋቂ 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር፣ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። እሱ ሚሠራበት ጤና ጣቢያ ለሌላ ነገር መጥተው ሲለኩ ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ሰዎች ምንም አያመኝም እያሉ እንደሚከራከሩት ጽፏል።

መልስ 11፦ ይሄን ሴቶቹ ሁሉ ሼር አድርገውታል። በቀን ስንት ግራም እንደምንበላ ሚዛን የለንም፣ ግን ኪሎ ጨው ስንት ቀን እንደሚቆይ ማየት እንችላለን ትላለች። ቤቱ ውስጥ 5 ሰው ካለ፣ ለሰው 5 ግራም ቢታሰብ በ30 ቀን 750 ግራም ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው በወር ካለቀ በሰው ወደ 6.7 ግራም ይደርሳል፣ በሦስት ሳምንት ካለቀ ደግሞ ከ9 ግራም በላይ። ጨው ስትገዙ ፌስታሉ ላይ ቀኑን በእስክርቢቶ ጻፉበት ነው ምክሯ። ወጪ የሌለው፣ ማንም ሊያደርገው ሚችል ነገር ስለሆነ በጣም ወደድኩት።

መልስ 12፦ የ11ን ስሌት ሳይነቅፍ ግን ትልቅ ነገር የጨመረበት ሆቴል ቤት ለብዙ ጊዜ ያበሰለ ሰው ነው፣ እኔ የዚህ ውይይት ዋና ፍሬ ምለው ይሄን ነው። የኛ ጨው ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ነው ሚገባው። በርበሬው ሲዘጋጅ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከኮረሪማው ጋር ጨው ይገባበታል። ሽሮውም ብዙ ቤት ጨው ገብቶበት ነው ሚፈጨው። ሚጥሚጣውም እንደዛው፣ አዋዜውም ከዛው በርበሬ ነው። ከዛ ወጡ ሲሠራ ሠሪዋ በርበሬው ውስጥ ስንት እንዳለ ሳታውቅ በእጇ ጨው ትጨምራለች፣ አሁን አሁን ደግሞ የሾርባ ኪዩብ መጣል ተለምዷል፣ ኪዩቡ ግማሽ ያህሉ ወይ ከዛም በላይ ጨው ነው። ፍርፍር ሲሆን ደግሞ ጨው ባለው ቁሌት ላይ ትርፍ ወጥ ይጨመርበታል። ኪሎ ጨዋችሁ ወር ተኩል ቆየ ብላችሁ እንዳትዝናኑ፣ ዓመቱን ሙሉ ምትበሉት ጨው ግማሹ በርበሬ ሲፈጭ ገብቶ ሊሆን ይችላል ነው ያለው።

እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ነው የጥያቄዬ መልስ የት እንዳለ የታየኝ። ፈረንጅ አገር ጨውን ፋብሪካ ነው ሚጨምረው፣ እዛ መንግሥት ፋብሪካውን ያዘዋል። እኛ ጋ ግን አብዛኛው ጨው በራሳችን እጅ፣ በራሳችን ማጀት ነው ሚገባው፣ ስለዚህ ሌላ ሰው እስኪቀንስልን መጠበቅ የለብንም። ሆርሞኑ እውነት ሆነም አልሆነም።

መልስ 13፦ ከሜሪላንድ የጻፈው ወንድም ይሄንኑ ከሌላ በኩል አሳይቷል። አሜሪካ የታሸገ ነገር ሁሉ ላይ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሚባለው ንጥረ ነገር ስንት እንደሆነ ተጽፏል፣ የቀኑ ልክ 2300 ሚሊግራም ነው፣ በ2.5 ሲባዛ ወደ ጨው ይቀየራል፣ ማለትም ወደ 5.8 ግራም። አሜሪካኖቹ በአማካይ ሚወስዱት ግን 3400 ነው፣ 8.5 ግራም ጨው ገደማ፣ ከኛ 8.3 ጋር ጎን ለጎን ናቸው። እሱ ሚለው አገር ቤት ሆነን በወጥ ምንበላውን ያህል እነሱ በዳቦ፣ በፒዛና በጣሳ ምግብ ይበሉታል፣ ስደተኛው አበሻ ደግሞ ቀን የነሱን ማታ የኛን ስለሚበላ ሁለቱን ይደርባል። እሱ ራሱ ፖታሲየም የተቀላቀለበት ምትክ ጨው መጠቀም መጀመሩንም ጠቅሷል፣ ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

መልስ 14፦ ሮዝ የሂማላያ ጨው እሸጣለሁ ሚል ሰው ነው፣ ጤነኛው ጨው እሱ ነው ይላል። ስልክ ቁጥርም አስቀምጦ ነበር፣ አድሚኑ አጥፍቶታል።

መልስ 15፦ 1ኛዋ ነርስ ተመለሰች፣ በዚህኛው ግን አልለዘበችም። ሮዙም ነጩም ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ ቀለሙን የሰጡት ማዕድናት ከምንም ሚቆጠሩ አይደሉም፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ አዮዲን የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደጋው አካባቢ እንቅርት ስንት ሰው ሲያሠቃይ እንደኖረ፣ ነፍሰ ጡር ሴት አዮዲን ሲጎድላት የልጇ አእምሮ እንደሚጎዳ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ጨው አዮዲን እንዲኖረው ሚያዘው ደንብ የወጣውም ለዚህ እንደሆነ ጻፈች። ጨው መቀነስና አዮዲን ማግኘት አይጣሉም፣ ትንሽ ጨው ተጠቀሙ ግን አዮዲን ያለውን፣ ዕቃው ክዳን ይኑረው፣ ፀሐይና እንፋሎት አይንካው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። መጨረሻ ላይ ሲጨመር ደግሞ ምላስ ላይ ቶሎ ስለሚታወቅ ትንሹም ይበቃል ብላለች።

ከ16 እስከ 18 ወሬው ወደ አፋር ሄደ። አንዱ አብዛኛው ገበያ ላይ ያለው ጨው ከአፍዴራ እንደሚመጣ አነሳ፣ ሌላው በግመል ከዳሎል በበርሃሌ አድርጎ መቀሌ ይገባ የነበረውን አሞሌ፣ አሞሌውም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል እንደነበር ተረከ። አንድ የራያ ሰው ደግሞ የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል ብልህ ያለቅሳል ሚለውን ተረት ወደ ግፊት አምጥቶ ተርጉሞታል። ቡና በጨው ይሻላል በስኳር ሚለው ክርክርም እዚሁ ተነስቶ ረዘመ፣ ጉራጌው ቅቤ ጨመረበት፣ ወሎዬው ተቆጣ። ደስ ይላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሦስቴ አቦል ቶና በረካ በጨው ሚጠጣ ሰው እሱንም መቁጠር እንዳለበት አስታውሼ ነው ያለፍኩት።

መልስ 19፦ ኩዌት ሰው ቤት ምትሠራ እህት ነች። በዛ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ላብ በላብ ሆና ስትሠራ ጨው ቀንሺ ሚለው ለሷ ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀች፣ አንዴ ራሷን አዙሯት ወድቃለች። ይሄን ብዙ ሰው ሳያየው ሊያልፍ ነበር። 10ኛው የጤና መኮንን በደንብ መለሰላት፦ ብዙ ላብ ሚያልበው ሰው ውሃም ጨውም ይወጣዋል፣ ባዶ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣትም ሊጎዳ ይችላል፣ ሰውነቷ ሲዝል ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦ አር ኤስ ሚባለውን፣ አንዱን ፓኬት ላዩ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጣ ትጠጣ፣ ማዞሩ ከተደጋገመ ትታይ። የግፊት መድኃኒት ምትወስድ ከሆነ ሳትጠይቅ ምንም እንዳትጀምር። እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽ እባክሽ ራስሽን ጠብቂ፣ አሠሪዎችሽ ባያዩሽም እኛ እናይሻለን።

መልስ 20፦ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት እየወሰደ ኪኒኑን ከጣለ ወዲህ ግፊቱ እንደተስተካከለለት የጻፈ ሰው ነው፣ እናቴም እንድትጥል መክሯል።

መልስ 21፦ የፋርማሲ ባለሙያ ነው፣ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ሚቆጣው መልስ የሱ ነው፣ ይገባዋልም። የሰው እናት ላይ እንዲህ ያለ ምክር መስጠት ነፍስ ማጥፋት መሆኑን ለ20ኛው በግልጽ ነግሮታል። ግፊት ስሜት የለውም፣ 20ኛው መቼ ተለክቶ ነው ተስተካከለ ያለው? ከዛ ወደ 13ኛው ዞሮ ስለ ምትክ ጨው በረጅሙ አስረዳ። ቻይና ገጠር ውስጥ 600 መንደሮች ላይ ወደ 21 ሺህ ሰው የተሳተፈበት ጥናት በ2021 ወጥቶ ነበር፣ ግማሾቹ መንደሮች ሩቡ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው ተሰጥቷቸው ስትሮክ በ14 ፐርሰንት ቀንሷል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶች ሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ ሰውነቱ ውስጥ ሊጠራቀምና የልብ ምቱን ሊያዛባ ይችላል፣ ስለዚህ ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው። 13ኛው ኢናላፕሪል ላይ እንደሆነ ጽፎ ለማስጠንቀቂያው አመስግኗል፣ ነገ ክሊኒኩ ጋ እንደሚደውልም።

መልስ 22፦ አንዲት ባለትዳር ቆጣ ብላ ነው የገባችው። እዚህ ሁሉ መካሪ ወንድ ስለ ግራም ያወራል፣ ቤት ሲገባ ግን ጨው አነሰው ብሎ ትሪ ሚገፋው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ባሏ ሐኪም አዞት እሷ ስትቀንስ አማቷ ልጄን አልጫ አበላችው ብለው ዘመድ ሰብስበዋል። መልስ የሰጣት ወንድ የለም፣ ሊኖር ይገባ ነበር። ሠሪዋ ብቻዋን ልትቀንሰው አትችልም፣ ቤተሰቡ ተስማምቶ ነው ሚሆነው፣ ምላስ ደግሞ ይለምዳል፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲቀነስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የድሮው ወጥ ራሱ ጨው የበዛበት ሆኖ ይሰማል። ወንድሜን ይሄን መልስ ቁጭ ብሎ እንዲያነበው አድርጌዋለሁ፣ ጨው ዕቃውም ከገበታ ተነስቷል።

መልስ 23፦ በርበሬ ልታስፈጭ ያዘጋጀች ልጅ ነች፣ ያለ ጨው ብታዘጋጀው ይበላሽብኛል ወይ ብላ 12ኛውን ጠየቀችው። እሱ ሳይመልስ አንዲት ትልቅ እናት ቀደሙት።

መልስ 24፦ እማማ ሚሉት እርጥበት ነው በርበሬን ሚያበላሸው። ዛላው በደንብ ከደረቀ፣ ከቅመሙ ጋር ተደልዞ እንደገና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሙልጭ አድርጎ ከደረቀ፣ ዕቃውም ክዳኑ ከገጠመ ምንም አይሆንም፣ እሳቸው ባለቤታቸው ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ነው ሚያዘጋጁት። ከፈራሽ ግማሹን ብቻ ያለ ጨው አድርጊና ዕቃው ላይ ጻፊበት፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውንና ጥቁር አዝሙዱን ግን አትስሺ፣ ጨው ሲወጣ እነሱ ናቸው ቦታውን ሚይዙት ብለዋታል። ወጡ ሲቀርብ ሎሚ ጨመቅ ማድረግም ይረዳል ብለው አከሉ።

እኔ ደግሞ የሽሮውን ነገር ጠየቅኳቸው፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ከበርበሬው በላይ ሽሮው ነው ሚበላው፣ በተለይ በጾም። የሽሮ እህላቸውን ገና እያስለቀሙ ስለሆነ አስፈጭተው ሲጨርሱ መጠኑን በጣሳ ለክተው እዚሁ እንደሚጽፉልን ነግረውኛል።